የጋራ ኮዳችንን ማን ይጠብቅ? (47 መልስ)

ይህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ትንሽ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባት የኮድ ጥቅል፣ ይዤ ቆይቻለሁ። ትልቅ ነገር አይደለችም። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን ትቀይራለች፣ የፈረንጁንም ወደኛ ትመልሳለች። ቁጥርን በግዕዝ አኃዝ ትጽፋለች። ደረሰኝ ላይ የሚወጣውን ብር በፊደል ትጽፋለች። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሠ እና ሰንም እንደ አንድ ቆጥራ ስም ትፈልጋለች። እንዲህ ያሉ ቁርጥራጭ ሥራዎች። ማንም ቁጭ ብሎ ሊጽፋቸው አይፈልግም፤ ሁሉም ግን ያስፈልጉታል። ነጻ ሶፍትዌር ስለሆነች የፈለገ ይወስዳታል። ማን እንደወሰዳት የማውቀው ሲበላሽባቸው ነው።

የጠየቅሁት ይህን ነው። እንዲህ ያለ የጋራ ኮድ እንዴት ቢያዝ ይሻላል? አንድ ቦታ ተቀምጦ ሁሉም ከዚያ እየጠራ ይጠቀምበት? ወይስ እያንዳንዱ ሰው ፋይሉን ወደ ራሱ ፕሮጀክት ይገልብጠው? ደግሞስ እኔ ሲደክመኝ ማን ይያዘው?

ለጥያቄው መነሻ የሆነችኝን የወተት ጉዳይም አብሬ ጻፍሁ።

ፍኖተ ሰላም አካባቢ ላለ አንድ የወተት ማኅበር መረከቢያ መዝገብ የምትይዝ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። የቀን መቀየሪያዋን ከላይብረሪዋ ኮፒ አድርጌ እዚያው ከተትኋት። በኋላ ላይብረሪዋ ውስጥ ስህተት አገኘሁና አስተካከልሁ። የወተቱን ቅጂ ግን ረሳሁት። ስህተቷ ይህን ያህል ትልቅ አልነበረችም። ያለፉትን ጳጉሜ 6ቶች ለመቁጠር ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ትርፉን መጣል ነው። እኔ መጀመሪያ ከዓመቱ ላይ 1 ቀንሼ ነው ያካፈልሁት። ሦስት ዓመት ምንም አይታይም። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው ጉዱ የሚፈላው። የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ነበረች። በዚያች ቅጂ ስሌት ጳጉሜ 6 ሴፕቴምበር 11 ላይ ዋለች። መስከረም 1 ቀን 2016ም እዚያው ሴፕቴምበር 11 ላይ ዋለ። ትክክሉ 12 ነበር።

ላም ደግሞ እንቁጣጣሽን አታከብርም። ሁለቱንም ቀን ትታለባለች። አንዲት እናት ጳጉሜ 6 ቀን ስድስት ሊትር፣ በማግሥቱ ሰባት ሊትር አስረከቡ። ፕሮግራሟ የሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ ጻፈችበት። ስድስቱ ሊትር የት እንደገባ ጠፋ። እማማ ልጃቸው በእስክሪብቶ የመዘገበላቸውን ደብተር ይዘው መጡ። ያመናቸው አልነበረም። ማሽን አይሳሳትማ! እኔ ጋ እስኪደወል ሦስት ሳምንት አለፈ። ኔት ስላልነበረ ማስተካከያውን መላክ አልቻልሁም። ፍላሽ ላይ ገልብጬ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠሁት። መናኸሪያው ላይ ተቀበሉት። እማማም ስድስት ሊትራቸው ተከፈላቸው። እኔን ግን እስካሁን ያሳፍረኛል።

እንግዲህ መልሶቹ።

1ኛው ከደብረ ማርቆስ ነው፤ ጨዋ ሰው። መጀመሪያ አመሰገነኝ፤ ሁለት ፕሮጀክት ላይ እንደሚጠቀምባት ነገረኝ። ከዚያ መልሱ ግልጽ ነው አለ። ኮዱ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ አንድ ቦታ ይታረም፣ ሁሉም ጋ ይድረስ። ቅጂ ባይኖር ኖሮ ወተቱም አይጠፋም ነበር። ልክ ነው። ክሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ቅር አይለኝም ነበር።

2ኛው የሞጣ ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ገና ሳይበርድ ተቃወመው። ኔት በጠፋባቸው ወራት ምን ሆንህ ብሎ ጠየቀው። እሱ ጋ የነበሩ ፕሮጀክቶች ለሁለት ተከፍለው ነበር። ፓኬጅ፣ የታሸገ ኮድ፣ ከኢንተርኔት እያወረዱ የሚገነቡት አዲስ ማሽን ላይ አልነሳ አሉት። ኮዱ አብሮ የተቀመጠላቸው ግን ምንም አልሆኑም። ፍላሽ ይዞ እየዞረ የጫነው እነሱን ብቻ ነው። የኔም ማስተካከያ በአውቶቡስ መሄዱን አስታወሰ። በሱ ቤት ይህ የተዘጋ ክርክር ነው።

3ኛው ላይብረሪው ማታ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋና የራስን ወንበር መያዝ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ለመውጫ ፈተና እያጠና ነበር፤ ግቢው ውስጥ ቦታ ጠፍቶበታል። ጽሑፌ ላይ ላይብረሪ የሚል አይቶ ነው የገባው። ማንም አልመለሰለትም። እኔም ስቄ አለፍሁት፤ በኋላ ይቆጨኛል።

4ኛው አውራ ጣት ብቻ ነው።

5ኛው ረጅም ነበር፤ ለኔ ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝም እሱ ነው። ጸሐፊው ፖሊ ግቢ የተማረ፣ አሁን ውጭ የሚሠራ ነው። ሁለቱም ከዜሮ እየተከራከሩ መሆኑን ነገራቸው፤ ጥያቄው ቆየት ያለ ነውና። ነጻ ሶፍትዌር የሚሠራው የግኑ ፕሮጀክት ግኑሊብ የሚባል ነገር አለው። ሥራው የኔዋን ይመስላል፤ ስፋቱ ግን ሰማይና ምድር ነው። በአንዱ ሲስተም ላይ ያለች ፈንክሽን፣ አንድ ሥራ የምትሠራ የኮድ ቁራጭ፣ በሌላው ላይ ትጠፋለች፣ ወይም ኖራ ትሳሳታለች። ግኑሊብ ምትኳን ይዞ ይጠብቃል። ኮርዩቲልስ፣ ግሬፕ፣ ባይሰን የሚባሉት የግኑ ፕሮግራሞች ሁሉ ከዚያ ይወስዳሉ። ነገር ግን ማሽን ላይ የሚጫን ላይብረሪ አይደለም። እንደ ሌላው ሶፍትዌር ቁጥር ተሰጥቶት የሚለቀቅ ቨርዥንም የለውም። ኮዱ በሞጁል በሞጁል ተቆራርጦ ተቀምጧል። ግኑሊብ ቱል የሚባል ፕሮግራም የፈለግኸውን ሞጁል፣ እሱ የሚፈልጋቸውንም ጭምር፣ ወደ ፕሮጀክትህ ይገለብጥልሃል። ማለትም ኮፒ ማድረግ ነውር ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ ነው።

ጉዳዩ ያለው ግን ቀጥሎ ነው። ቱሉ ምን ምን እንደገለበጠ በአንዲት ፋይል ላይ ጽፎ ይተዋል። አድስ ስትለው ያቺን ፋይል አንብቦ ሁሉንም እንደገና ከምንጩ ያመጣል። እኔ ወተቱ ላይ ያጎደልሁት ያችን ፋይል ነበር። ኮፒ ማድረጌ አልነበረም ጥፋቱ። ከየት እንዳመጣሁት የሚያስታውስ ነገር አለማስቀመጤ ነው። ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ትንሽ ተንቀሳቀስሁ።

6ኛው ሰነፍ ጥያቄ ጠየቀ፤ ቱሉ ቀርፋፋ ነው ሲሉ ሰምቷል። 7ኛው አረመው፤ ያ የድሮው በሼል ቋንቋ የተጻፈው ነው፣ በፈረንጅ 2024 በፓይተን ቋንቋ የተጻፈው ወጥቷል፣ ፈጣን ነው። 8ኛው ደግሞ 5ኛውን ነካ አደረገው። አንድ ሞጁል ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝ፣ የገለበጠው ፕሮጀክት ሁሉ ለየብቻው አድሶ ለየብቻው መልቀቅ አለበት። አንዱ ቢተኛ ቀዳዳው ከነሕይወቱ ይኖራል። 5ኛው ተመልሶ መጥቶ እውነት ነው አለ፤ ምንም አልተከላከለም። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

9ኛው ጥያቄውን ከሥሩ ነቀለው። አይሲዩ የሚባለው የቋንቋና የቀን መቁጠሪያ ትልቅ ላይብረሪ ውስጥ የኢትዮጵያ ካሌንደር አለ፤ ብራውዘርም ቀናችንን ያሳያል። ታዲያ ለምን ትደክማለህ? ጥሩ ጥያቄ ነው። 10ኛው መለሰለት። አሮጌ ብራውዘር የፈረንጁን ቀን በኛ አድርጎ ያሳያል እንጂ ሰው የጻፈውን ጳጉሜ 6 ተቀብሎ ወደ ፈረንጅ የሚመልስበት ቀላል መንገድ የለውም። አይሲዩን ደግሞ በአሮጌ ማሽን ላይ ለአንዲት ፈንክሽን ብሎ መጫን ለአንድ ኩባያ ውኃ ሮቶ መሸከም ነው። በዚያው አጋጣሚ ኮዴ ውስጥ ያለችውን 1723856 የምትል ቁጥር አነሣ። አጠገቧ የጻፍሁት ማስታወሻ አንድ ቃል ነው፤ አትንኳት። አፍሬ አላውቅም ነበር፤ እዚህ አፈርሁ። እሱ ግን አብራርቶ ጻፈልኝ። መስከረም 1 ቀን 1 ዓመተ ምሕረት ቀናትን ሁሉ በተከታታይ ቁጥር በሚቆጥረው በጁልያን የቀን ቆጠራ ቁጥሩ 1724221 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት፣ 365 ቀን፣ ስትቀንስ ያቺ ቁጥር ትመጣለች። በቃ። ማስታወሻዬን በሱ ማብራሪያ ተካሁት።

ከዚህ በኋላ ስለ አደጋ ተወራ። 11ኛው የሌፍት ፓድን ነገር አመጣ። በማርች 2016 አንድ ሰው ተቀይሞ ኮዶቹን ከኤንፒኤም፣ ከጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ፣ ላይ ነቀለ። ከነዚያ መካከል 11 መስመር የሆነች፣ ጽሑፍን በግራ በኩል በባዶ ቦታ የምትሞላ አንዲት ፈንክሽን ነበረች። በዓለም ዙሪያ የፕሮጀክቶች ግንባታ ቆመ። ስለዚህ ገልብጡ፣ ቤታችሁ አስቀምጡ አለ። 12ኛው ደግሞ ቀዝቀዝ አድርጎ ኤክስዜድን፣ ፋይል የሚያጭቀውን ላይብረሪ፣ አስታወሰው፤ ገልብጡ ለሚለው መድኃኒት ትሆነዋለች።

የኤክስዜድን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ላይብረሪውን አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው ይጠብቅ ነበር። ደከመው። ከማይታወቁ አድራሻዎች ለምን ዘገየህ፣ ለሌላ ልቀቀው የሚል ጫና መጣበት። ጂያ ታን የሚል ስም ያለው ሰው ለሁለት ዓመት ያህል ጥሩ ጥሩ ሥራ እየላከ እምነት አገኘ፤ በዚያው መሀልም አብሮ ጠባቂ ሆነ። በመጨረሻ 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት ቨርዥኖች ላይ የጓሮ በር፣ ማለትም የሰው ማሽን ውስጥ በስውር የሚያስገባ ኮድ፣ ከተተ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያስገባው ኤስኤስኤች ግማሽ ሰከንድ ያህል ለምን ዘገየብኝ ብሎ ሲቆፍር። በማርች 2024 መጨረሻ ይፋ አደረገው። 12ኛው ያከላት ግን እኔ የማላውቃትን ነው። መርዙን የምትጠራው ፋይል የኮዱ ለውጥ ሁሉ በሚታይበት ጊት ላይ አልነበረችም፤ ለሕዝብ በተለቀቀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበረች። ስሟ ቢልድ ቱ ሆስት ይባላል፤ ከግኑሊብ በምትገለበጥ ፋይል ስም ነው የተሸፈነችው። ሰው የተገለበጠ ፋይል አያነብም። ወንበዴው ይህን ያውቃል።

ከዚያ ክሩ ዝም አለ። ግማሽ ቀን።

13ኛው የመጣው በሌላ በር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የኔን ፈንክሽኖች ያለበትን ፕሮግራም በገንዘብ ገዝቷል፤ ይህ ስርቆት ነው፣ ነጻ የተባለ ነገር አይሸጥም አለ። 14ኛው ተስማማ። 15ኛው ሁለቱንም ገሠጻቸው፤ ቁጣ ቢጤም አለበት። ችግሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። ባሪያ ነጻ ወጣ ስንልም ነጻ ነው፣ ሻይ በነጻ ጠጣሁ ስንልም ነጻ ነው። የግኑ መሥራች ስቶልማን በፈረንጅ 1983 ግኑን ሲያውጅ የፈለገው የመጀመሪያውን ነው። መሸጥ ይቻላል። የማይቻለው በጂፒኤል፣ በግኑ የፈቃድ ውል፣ የተሰጠህን ኮድ ቀይረህ ስትሸጥ የምንጩን ኮድ ከገዢው መደበቅ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረና አንድ ነገር ጠየቀኝ። ላይሰንስህ የት አለ?

ሄጄ አየሁ። አልነበረም። ስድስት ዓመት ነጻ ነው እያልሁ ስናገር አንድ የፈቃድ ፋይል አላስቀመጥሁም። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ በሕግ የጸሐፊው ብቻ ነው፤ ማንም መንካት አይችልም። ስለዚህ ሌባ የተባለው መሥሪያ ቤትም፣ 1ኛውም፣ የሞጣውም ልጅ፣ ሁሉም እኩል ሕገ ወጥ ነበሩ፤ በኔ ምክንያት። በዚያች ማታ አስገባሁ። አነስ ያለውን ጂፒኤል፣ ኤልጂፒኤልን፣ መረጥሁ፤ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ያ ፕሮግራም በሙሉ ምንጩን እንዲከፍት እንዳያስገድድ ብዬ። የሌላ ሰው እጅ ያለባቸውን ፈንክሽኖች ግን ባለቤቶቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ነበረብኝ። ይህንንም 15ኛው ነው የነገረኝ። ግኑሊብ ላይ እያንዳንዱ ሞጁል የራሱ ፈቃድ ተጽፎበታል።

16ኛው ይህ ሁሉ ደቦ ነው፣ ሰዎች መጥተው በልተው ሄዱ አለ። 17ኛው ባለ ማረሻ ይመስላል፤ በደቦ የሚበላው እኮ ያረሰ ነው ብሎ ቆረጠው። እንዲያውም የኛ ነገር ወንፈል መሆን ነበረበት፤ አንተ የኔን ቀን ከሠራህ እኔም ያንተን ቀን እሠራለሁ። ከዚያ አራት መልስ ስለ ደቦ ጠላ ተወራ። ዳንግላ የሚጠመቀው ይሻላል የሚል ነበር፤ ቡሬ የሚልም ነበር። አልመዘግበውም።

22ኛው ላይ ነገሩ ተበላሸ።

ይህ ሰው ከስምንት ወር በፊት ፓች፣ የኮድ ማስተካከያ፣ ልኮልኝ ነበር። 100ን ላይብረሪዬ ፩፻ ብላ ትጽፋለች፤ መሆን ያለበት ፻ ብቻ ነው። አላየሁለትም። አሁን ቂሙን ሁሉ አፈሰሰው። ቁልፉን ይዘህ ጠፋህ፣ ለሌላውም አትከፍት፣ ባለቤት ነኝ ማለት ትወዳለህ፣ ሥራውን ግን አትሠራም አለ። ከዚህም የከረረ ነበር። 23ኛው ስለኔ ሆኖ ሰደበው። 24ኛው የማርቆስ ልጆች ሁልጊዜ እንዲህ ናችሁ አለ፤ ሰውየው ደግሞ የማርቆስ ልጅ እንኳ አይደለም። 25 እና 26 ተሰርዘዋል፤ ምን እንዳሉ ባለማየቴ ምስጋና ለመድረኩ አስተናጋጅ።

27ኛው የኔ ነው። ልክ ነህ አልሁት። ፓቹን ያላየሁት ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ማታ ማታ ደክሞኝ ነው፤ ግን ላንተ ያው ነው። በዚያው ማታ ፓቹን አስገባሁና ለቀቅሁት። ደግሞ ሳልሞክር።

28ኛው በነጋታው ጠዋት መጣ፤ ከአንድ ሱቅ። 2100 ብር ደረሰኝ ላይ 2000 ሆኖ ወጥቶበታል። የሰውየው ፓች ፩፻ን ባየበት ሁሉ ፻ እያደረገ ይተካ ነበር። 2100 በግዕዝ ፳፩፻ ነው፤ ሃያ አንድ መቶ። ፩ን ከመሀል ስታወጣት ፳፻ ይቀራል። መቶ ብር በነነ። ፩ መውጣት ያለባት ከ፻ በፊት ብቻዋን ስትቆም ነው፤ ከጎኗ አሥር ቤት ካለ አትነካም።

22ኛው ሰው ለሁለት ቀን ጠፋ። ከዚያ 31ኛ ላይ ተመልሶ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ከ1 እስከ 10 ሺህ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ወደ ግዕዝ ቀይሮ፣ መልሶ ወደ ዐረብኛ አኃዝ አምጥቶ የሚያመሳክር ቴስት፣ ኮዱን የሚፈትን ኮድ፣ ይዞ ነበር የመጣው። ዐሥር ሺህ መስመር፤ ከአንድ ሰከንድ በታች ያልቃል። ከይቅርታ ይህ ይሻላል።

በመሀል 29ኛው ስለ ፊደል አነሣ። ጽሑፍን በባይት ቆጥረው ሲቆርጡት መጨረሻ ላይ የተሰበረ ፊደል ይቀራል። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ሥርዓት አንድ ፊደላችን 3 ባይት ነው። 100 ላይ ከቆረጥህ 33 ፊደል ሞልቶ የ34ኛው ሲሶ ይንጠለጠላል። ቴስት ጻፈና ሄደ። እንዲህ አጭር ሰው ይባረክ።

30ኛውን ግን ሳልጽፍ አላልፍም። ዋሸራ ቅኔ የተማረ፣ አሁን የኮምፒውተር ጥገና ቤት ያለው ሰው ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሠ እና ሰንም አንድ የሚያደርገውን ፈንክሽን አይቶ ተቆጣ። ቁጣው የመምህር ቁጣ ነው፤ ስድብ የለበትም፣ ያማል። መሀረ አስተማረ ነው፣ መሐረ ይቅር አለ ነው። ሠረቀ ፀሐይ ወጣች ነው፣ ሰረቀ ሌባው ወሰደ ነው። አንተ ፀሐይዋን ሌባ አደረግሃት አለኝ። 32ኛው ደግሞ ካርድ ክፍል የሚሠራ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ ሦስት ጊዜ የተመዘገበ አንድ በሽተኛ አለው፤ ሦስት ካርድ፣ ሦስት የመድኃኒት ታሪክ። ፊደሉ ካልተዋሐደ ሰው ይሞታል አለ።

ሁለቱም እውነት ይዘዋል። መፍትሔው ላይ የደረሱት ራሳቸው ናቸው፣ 33 እና 34 ላይ። ፈንክሽኗ ለፍለጋ ብቻ ትጠራ፤ ሁለት ስም ሲነጻጸር ብቻ። መዝገብ ላይ የሚቀመጠው ግን ሰውየው እንደጻፈው ይቆይ። ኮዴ ሁለቱን አልለየም ነበር፤ አስተካክሎ ያስቀምጥ ነበር። የቅኔ ተማሪው የፈንክሽኗን ስም ራሱ ቀየረው፤ አስተካክል የነበረችው አመሳክር ሆነች። አንድ ቃል ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ በስህተት የሚጠራት ሰው ይቀንሳል።

35ኛው ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተወለደ ልጅ በየትኛው ቀን ይመዝገብ ብሎ ጠየቀ። ለፈረንጅ ሰዓት ቀኑ የሚገለበጠው ከሌሊቱ 6 ላይ ነው፤ ለኛ ሰው ገና አልነጋም። 36ኛው ሲነጋ ነው አለ። 37ኛው ቤተ ክህነት እንደሆነ ከዋዜማው ማታ ይጀምራል አለ። ላይብረሪዋ ይህን እንዳትወስን ተስማማን፤ የሚጠራት ፕሮግራም ይወስን።

38ኛዋ የቡሬ ልጅ ናት፤ እስካሁን ዝም ብላ ስታነብ ነበር። 12ኛውን አስታወሰችኝ። ደክሞሃል፣ እንልቀቅልህ የሚሉም ብዙ ናቸው፤ ግን በድካም ቁልፍ አይሰጥም አለች። ደግሞ ለአንድ ሰውም አይሰጥም። ሦስት ሰው ይያዝ። ማንም የራሱን ኮድ ራሱ አያስገባ፤ ሌላኛው አይቶ ያስገባ። ቴስት የሌለው ፓች አይታይ። ሦስቱም ድንገት ቢጠፉ ምን እንደሚደረግ አንድ ገጽ ይጻፍ። ሴትየዋ የእቁብ ጸሐፊ ሳትሆን አትቀርም አልሁ በልቤ። በኋላ ጠየቅኋት፤ ናት።

40ኛው የኔ ውሳኔ ነው። ግልበጣው ይቀጥላል። ፓኬጅ እያወረደ መሥራት የሚችል ያውርድ፤ የሞጣው ግን መገልበጥ አለበት፣ እኔም። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ፋይል ራስጌ ላይ የመጣበት ኮሚት፣ የምንጩ የለውጥ መለያ፣ ይጻፋል። አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ቅጂውን ከምንጩ ጋር አስተያይታ የተለየውን ትናገራለች። ምንጩ በፍላሽም ቢመጣ ይሆናል። 5ኛው ግኑሊብን በመሀረብ ጠቅልለህ አመጣኸው ብሎ ሳቀብኝ። 22ኛው ሰው ከሦስቱ ቁልፍ ያዦች አንዱ ሆኗል፤ የቡሬዋ ሁለተኛዋ ናት። 41ኛው ይህ ምርጫ ያለ ድምፅ ተካሄደ ብሎ ተቃወመ። ተቃውሞው ተመዝግቧል።

43ኛው ላይ የ3ኛው ልጅ ተመልሶ መጣ። ወንበር ፈላጊው። እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም አለ፤ ትንሽ ከፍቶታል። ደግሞ ክሩን ሁሉ አንብቦታል፤ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ። አንድ ነገር ግን ገብቶታል። ጳጉሜ 6 ነው የተወለደው፣ 1995 ላይ። የትም ቦታ ፎርም ሲሞላ ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይለዋል። አንድ ጸሐፊ በል 5 ልበለው ብላ ሞላችለት። ከዚያ ወዲህ በወረቀት ላይ የተወለደው ጳጉሜ 5 ነው። እናቱ እስካሁን አልተቀበሉትም። ይህን የሚያስተካክል ሰው ካለ ብሎ ነው የጠየቀው፤ መታወቂያውን ሳይሆን ኮዱን።

44ኛው የሚቀጥለው ልደትህ 2019 ላይ ነው አለው። 45ኛው መናኸሪያው አጠገብ ስላለ ጸጥ ያለ ማንበቢያ ነገረው፤ ውኃ ይዘህ ሂድ፣ ሶኬቱ በግራ በኩል ብቻ ነው የሚሠራው።

46ኛው የኔ ነው። ቴስቱ ፋይል ላይ አንድ መስመር ጨመርሁ። ጳጉሜ 6 ቀን 1995፤ መውጣት ያለበት ሴፕቴምበር 11፣ 2003። በራሴ ላለማስገባት ለቡሬዋ ላክሁላት፤ አይታ አስገባችው።

47ኛው እሷ ናት። አለፈ፣ ከዚህ በቀር ምንም አልጻፈችም። ልጁ ያለፈው ሰው ወንበር የት እንዳገኘ ጠየቃት፤ ማለፉ የፈተና መስሎት።